ሞተሩ አይወርድም

ብሩክታይት ከጋሼ ተድላ ጋር የምትገናኝበትን ቦታ ምረጪ ብትባል ኖሮ ዳገት መሃል፣ ያውም ሰው እየገፋች፣ አትመርጥም ነበር። የሆነው ግን እንደዚያ ነው።

ከሶዶ ወደ አረካ በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ እግርና ወገባቸውን የታመሙ ሰዎች እየተንቀሳቀሱ የሚታከሙበት አንድ ማዕከል አለ። ከበሩ እስከ አዳራሹ ሦስት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው፤ ነገር ግን መንገዱ ሁሉ ዳገት ነው። አዳራሹን እዚያ ላይ የሠራው ሰው እግሩ ጤነኛ እንደነበረ ከዚህ ይታወቃል።

ብሩክታይት አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ትምህርቷን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጣ ሁለት ዓመት በባጃጅ መለዋወጫ ሱቅ ዕቃ ስታቀብል ቆየች፤ አሁን በዚህ ግቢ የጽዳት ሠራተኛ ናት። ጽዳት ይባል እንጂ ላለፉት ዘጠኝ ቀናት ሥራዋ ሰው መግፋት ብቻ ሆኗል። ታማሚዎቹን ስታመላልስ የነበረችው፣ ከውጭ በእርዳታ የመጣችው ባለቤንዚን የጎልፍ መኪና አልነሳ ብላ ዛፍ ሥር ቆማለች። በር የላት፣ መስታወት የላት፤ አራት መቀመጫና ጣሪያ ብቻ ናት። የሰፈሩ ልጆች «ልብስ ያልለበሰችው» ይሏታል።

ያን ማክሰኞ ጠዋት ብሩክታይት በተሽከርካሪ ወንበር የምትገፋው እማማ አባይነሽን ነበር። እማማ ከተበላ በሚኒባስ የሚመጡ፣ ግራ እግራቸው የሰነፈባቸው፣ ከወር ልፋት በኋላ ገና ብረት ይዘው መቆም የጀመሩ ሴት ናቸው። ዳገቱ መሃል ሲደርሱ ከኋላ አንድ ፒክ አፕ መጥቶ ጡሩምባውን ነፋ። ብሩክታይት ዞር አላለችም። እንደገና ነፋ።

«አንቺ ልጅ! መንገድ ልቀቂ እንጂ!»

«እርስዎ ሞተር አለዎት፤ እኔ ያለኝ ክንድ ነው። ማን ማንን ይጠብቅ?» አለች ሳትቆም።

ከመኪናው ወርደው የመጡት ጋሼ ተድላ ነበሩ። አባታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው ሶዶ የሰፈሩ፣ እሳቸውም መናኸሪያው አጠገብ ጋራዥ ከከፈቱ ሠላሳ ዓመት የሞላቸው መካኒክ ናቸው። በከተማው እጃቸው ያልገባበት አይሱዙ የለም ይባላል፤ ይህንንም አብዝተው የሚናገሩት ራሳቸው ናቸው።

«ምላስሽ እንደ ዳጣ ያቃጥላል» አሉ ጋሼ ተድላ። ቢሆንም የወንበሩን አንድ እጀታ ይዘው አብረው መግፋት ጀመሩ፤ ክፉ ሰው አይደሉም። «አይዞሽ፣ የዚችን ትንሽ መኪና ሞተር ዛሬ አወርደዋለሁ። ጋራዥ ወስጄ ሆዱን ከፍቼ አየዋለሁ።»

ብሩክታይት ቀጥ ብላ ቆመች። ወንበሩ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ጉልበቷን ደገፈችበት።

«ለስንት ቀን?»

«ዕቃ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ነዋ።»

እስካሁን ዝም ያሉት እማማ አባይነሽ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ተናገሩ። አማርኛቸው አጭር ነው፤ የሚናገሩት ግን ይገባል። «እኔ ከዛሬ በኋላ አልመጣም። ሰው እንደ ጆንያ ይገፋል? ይቺ ልጅ ወገቧ ይሰበራል፣ እኔ አፍራለሁ። ቤቴ እቀመጣለሁ፣ በቃ።»

ቤታቸው ከተቀመጡ ያ እግር ተመልሶ እንደሚሰንፍ ብሩክታይት ታውቃለች። ባለፈው ሳምንት ሁለት ሌሎች ታማሚዎች በዚሁ ምክንያት ቀርተዋል። ሞተሩ ዛሬ ከግቢው ከወጣ እማማም ሦስተኛ ይሆናሉ ማለት ነው። እማማን አዳራሹ ውስጥ ለባለሙያው አስረክባ እየሮጠች ወደ ዛፉ ሥር ወረደች።

እዚያ የማዕከሉ አስተዳዳሪ አቶ ሚልክያስ ማህተም ያረፈበት ወረቀት ይዘው ቆመዋል። አቶ ሚልክያስ ሰው ማስቀየም የማይችሉ፣ ሁሉን ነገር በጸሎት የሚከፍቱ የዋህ ሰው ናቸው። ወረቀቱ ሞተሩ ወርዶ ከግቢ እንዲወጣ የሚፈቅድ ነው። ጋሼ ተድላ የመሣሪያ ሣጥናቸውን ከፍተው ትልቁን መፍቻ አንስተዋል።

«አይወርድም!» አለች ብሩክታይት ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ።

«ምኑ?» አሉ አቶ ሚልክያስ።

«ሞተሩ ነዋ! የግቢው ጄኔሬተርም አምና ለሁለት ቀን ተብሎ ነው የወጣው። ዛሬ በጋሼ ጓሮ ዶሮ ያድርበታል።»

«ማን ነገረሽ?» አሉ ጋሼ ተድላ ፊታቸው እየቀላ።

«ዶሮዋ።»

አቶ ሚልክያስ ሳቃቸውን ወደ ሳል ለወጡት። ጋሼ ተድላ ግን አልሳቁም። «በመጀመሪያ ከሣጥኑ ራቅ በይ። ሴት መሣሪያ መሃል ስትቆም ሥራዬ አይቃናልኝም። ሠላሳ ዓመት የያዝኩት ሥርዓት ነው።»

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ የተበላሸብዎት ሥራ ሁሉ ሴት ቆማበት ነው?»

«አላልኩም።»

«እንግዲያው ሥርዓቱ ምን ጠቀመዎት?»

ልብ በሉ፣ ብሩክታይት ጋሼን እየናቀች አይደለም። «እርስዎ» ትላለች፣ ቁልቁልም አታይም። አክብሮት ዝም ማለት ብቻ ነው ብሎ ያስተማራት ሰው ስለሌለ ግን ዝም አትልም።

«ስሚኝ ልጄ» አሉ ጋሼ ተድላ ድምፃቸውን አለስልሰው። «ባለፈው ዓርብ መጥቼ ያላደረግኩት የለም። ካርብሬተሩን ሁለት ጊዜ አጥቤያለሁ። ካንዴላውን ቀይሬያለሁ። ቤንዚኑ መንገድ ዳር በሃይላንድ ተገዝቶ ውሃ ይኖረው ይሆናል ብዬ ደፍቼ በሌላ ተክቻለሁ። በመጨረሻም ስድስት ጎልማሳ እስከ በሩ ድረስ ገፋው። ተገፍቶ ያልተነሳ ሞተር ደግሞ የሞተ ነው። ይኸው ነው።»

«ጸልየንበታልም» አሉ አቶ ሚልክያስ በትሕትና።

«ጸሎቱ ደርሷል አቶ ሚልክያስ። ያልደረሰው ሌላ ነገር ነው። ጋሼ፣ አንድ ልጠይቅዎት? ያን ሁሉ ሲያደርጉ ሞተሩ ዞሮ ነበር?»

«እንዴት ማለት?»

«ቁልፉን ከፍተው ፔዳሉን ሲረግጡ ሞተሩ እየዞረ ነው እሳት እምቢ ያለው? ወይስ ጭራሽ አልዞረም?»

ጋሼ ተድላ ጥቂት አሰቡ። «አልዞረም።»

«ታዲያ ቤንዚኑ ምን አጠፋ? ካንዴላውስ? ያልዞረ ሞተር ገና ቤንዚን አልጠየቀም እኮ! ዓይኑን ያልገለጠ ሰው ቁርስ አልበላም ብለው እንደመቆጣት ነው።»

አቶ ሚልክያስ ወረቀቱን በዝግታ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

«መግፋቱስ? መግፋት ለሁሉም ይሠራል» አሉ ጋሼ ተድላ።

ብሩክታይት ከመቀመጫው ሥር በፕላስቲክ የተጠቀለለች ቀጭን መጽሐፍ አወጣች። መኪናዋ ስትመጣ አብራት የመጣች ናት፤ ከእሷ በቀር የገለጣት የለም። እንግሊዝኛዋን በስልኳ መዝገበ ቃላት እየፈታች፣ ያልገባትን በሥዕሉ እየሞላች ሦስት ወር አንብባታለች። «ለአይሱዙ ይሠራል። እዚህ ግን ሞተሩን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው ቺንጋ ነው፤ ሞተሩ ራሱ ካልዞረ ቺንጋው አይጨብጥም። ቢፈልጉ እስከ ተበላ ያስገፏት፣ አትነሳም።»

«ከመጽሐፍ መካኒክ ሆኖ የወጣ አላየሁም። እኔ ሞተርን በጆሮዬ ነው የማውቀው።»

«ጆሮዎን አምናለሁ። ግን ድምፅ ያላወጣ ሞተር ጆሮዎ ምን ይስማው?»

«አንቺ ደግሞ ስምንተኛ ክፍል አቁመሽ…»

«እርስዎ ስንተኛ ላይ ነበር ያቆሙት?»

ጋሼ ተድላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አራተኛ።»

«እንግዲያው በአራት ክፍል እበልጥዎታለሁ። እርስዎ ደግሞ በሠላሳ ዓመት ይበልጡኛል። ለምን አንደማምርም?»

እዚህ ላይ አንባቢ ጋሼ ተድላ ለምን ወዲያው እሺ እንዳላሉ ቢጠይቅ መልሱ ቀላል ነው። አዋቂ የተባለ ሰው «እስኪ እንይ» ለማለት ይከብደዋል። «እስኪ እንይ» ማለት «አላየሁም ነበር» ማለትም ነውና። በአገራችን ብዙ ሞተር፣ ብዙ ጄኔሬተር፣ ብዙ የውሃ ፓምፕ ሆዱ ተከፍቶ የቀረው በዚህች በአንዲት ቃል እጦት ነው።

«አንድ ሰዓት ስጡኝ» አለች ብሩክታይት። «ካላገኘሁት ሞተሩን ሲያወርዱ ብሎኑን የምይዝልዎት እኔ ነኝ፤ ትንፍሽ አልልም። ካገኘሁት ግን ሞተሩ ከግቢ አይወጣም። የመኪናዋ ኃላፊነትም ለኔ ይሰጠኝ።»

«የምን ኃላፊነት?» አሉ ጋሼ ተድላ።

«መንዳትም መጠበቅም። ዘጠኝ ቀን ሙሉ የሷን ሥራ የሠራሁት እኔ ነኝ።»

አቶ ሚልክያስ አንዱን አይተው ሌላውን አዩ። «ጋሼ ተድላ፣ አንድ ሰዓት ምን ይጎዳል? ይሁንላት።»

ጋሼ ተድላ መፍቻቸውን ሣጥኑ ውስጥ ጣሉት። ድምፁ እስከ አዳራሹ ተሰማ።

ብሩክታይት ጋሼን መሪው ጋ እንዲቀመጡ ጋበዘቻቸው። «ቁልፉን ይክፈቱ። መብራቷንም ያብሩ። አሁን ይርገጡ። ምን ሰሙ?»

«ምንም።»

«ደህና በነበረች ጊዜ ከመቀመጫው ሥር ቀጭ የሚል ነገር ነበር። ለሞተሪኖው ኤሌክትሪክ የሚያቀብለው ሪሌ ነው። አሁን እሱም የለም። መብራቷን አየሁት፣ ደማቅ ነው፤ ባትሪው አለ። ሲረግጡም አልፈዘዘም። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ጎትቶ ቢሆን ይፈዝ ነበር፣ አይደለም?»

«እሱስ ልክ ነው» አሉ ጋሼ ተድላ ሳይፈልጉ።

«ስለዚህ ኤሌክትሪኩ ሪሌው ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ቀርቷል። ጋሼ፣ ከሶዶ የተነሳ ሚኒባስ ተበላ ካልደረሰ ተበላ ያለውን መናኸሪያ አፍርሰን እንፈልገዋለን? መንገዱን ይዘን የት እንዳለፈ የት እንዳላለፈ እንጠይቃለን እንጂ።»

ጋሼ ተድላ ሳያውቁት ከመቀመጫው ወርደው ተንበርክከው ነበር። ከሣጥናቸው ሁለት ሽቦ የተበየደባት፣ ኤሌክትሪክ ስታገኝ የምትበራ ትንሽ አምፖል አወጡ። «ቆይ፣ ቆይ። መጀመሪያ ኔጌቲቩ ከሻንሲው ጋር መያዙን እንይ። እሱን ረስተሽ ከሆነ ሽቦውን ሁሉ በከንቱ ትወነጅያለሽ።» አዩ፤ ይዟል።

«እሱን ረስቼው ነበር» አለች ብሩክታይት።

«አየሽ!» አሉ፤ ፊታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በራ።

ከዚያ በኋላ ማን መምህር ማን ተማሪ እንደሆነ ቆሞ ላየ ሰው አይለይም ነበር። እሷ ከመጽሐፏ ቀጣዩን ሽቦ ትጠራለች፣ እሳቸው አምፖሉን ያስነኩታል። ወደ ቁልፉ የሚገባው ሽቦ፤ በራ። ከቁልፉ የሚወጣው፤ በራ። ፔዳሉ ሥር ወዳለው ስዊች የሚገባው፤ በራ። ፔዳሉ ተረግጦ ከስዊቹ በሚወጣው ላይ ግን አምፖሉ ጨለመ።

«እዚህ ነው!» ብለው ሁለቱም በአንድ ላይ ጮኹ።

የስዊቹን ሽፋን የያዘው ብሎን ዝጎ ለብሩክታይት እምቢ አላት። ጋሼ ተድላ በፒንሳ ጫፉን ነከስ አድርገው፣ እንደ ሕፃን እያባበሉ፣ ራሱን ሳይቆርጡ አወጡት። ያን ብልሃት የትኛውም መጽሐፍ አያስተምርም። ሽፋኑ ሲነሳ ውስጡ ጭቃ ተጋግሮበታል፤ መዳቡ አረንጓዴ ሆኖ ተበልቷል።

«ውሃ ነው» አሉ ጋሼ ተድላ በጣታቸው እየነኩ። «ግን ከየት? ከላይ ጣሪያ አላት። ዝናብም ከጠፋ ወር ሆኖታል። ይሄ ከታች ወደ ላይ በኃይል የተረጨ ውሃ ነው።»

ብሩክታይት ፊቷ ጠቆረ። በየሳምንቱ ዓርብ፣ ሕመምተኞቹ ከጫማቸው የሚያራግፉትን አፈር ለማጽዳት የውሃ ጎማውን ቧንቧው ላይ ሰክታ ፔዳሉን ከሥር እስኪያበራ ድረስ የምታጥበው እሷ ነች። በዚያ ጽዳት ስትኮራም ነበር። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ሰው ያስገፋት፣ እማማ አባይነሽን ያሳፈረው፣ የራሷ እጅ ነው።

ዝም ብትል የሚያውቅባት የለም። ጋሼ ተድላ «ከየት?» ብለው የጠየቁት መሬቱን ነበር እንጂ እሷን አይደለም። ምላሷ በራሷም ላይ እንደምትረዝም የታወቀው እዚህ ላይ ነው።

«እኔ ነኝ» አለች። «በጎማ የማጥባት እኔ ነኝ። መጽሐፉ በእርጥብ ጨርቅ አጽዱ ይላል፤ ያን ገጽ ዘልዬዋለሁ።»

አቶ ሚልክያስ ወደ ሰማይ አዩ። ጋሼ ተድላ ቀና አሉ። «አላልኩም? ሴት ከመሣሪያ ጋር…»

«ቆይ ጋሼ! ያበላሸው ሴትነቴ አይደለም፣ አለማወቄ ነው። ያንኑ ጎማ ወንድ ቢይዘው ውሃው ይሄስ ወንድ ነው ብሎ ይመለሳል? ያበላሸሁት እኔ፣ የፈለግኩትም እኔ፣ የተናገርኩትም እኔ። የሚሳሳት ሰው መሣሪያ አይንካ ከተባለማ ካርብሬተሩን ሁለት ጊዜ ያጠበውን ሰው ምን እናድርገው?»

 ጋሼ ተድላ መሬቱ ላይ እንደተቀመጡ ይስቁ ጀመር፤ ሳቃቸው ግን መሃል ላይ ቆመ።

«ልጄ ቤዚም እንዲህ ነበር የምትለኝ» አሉ። «በአንቺ ዕድሜ ሳለች ጋራዥ ካልገባሁ ብላ አስቸግራኝ ነበር። አባርሬአት አሁን ሆቴል ውስጥ ቁልፍ ታቀብላለች። እጇ ግን ከልጅነቷ ለሥራ የቀና ነበር።» ፒንሳቸውን በጨርቅ ጠረጉ። «በሠላሳ ዓመት ውስጥ እኔ ነኝ ያበላሸሁት ብሎ የነገረኝ ሠራተኛ አልነበረኝም። እኔም ለባለ መኪና ብዬ አላውቅም። ስንቱን ሞተር በከንቱ እንዳወረድኩ እግዚአብሔር ይወቀው።»

መዳቡን በሸካራ ወረቀት ጠርገው፣ በደረቅ ጨርቅ አድርቀው፣ ሽፋኑን መልሰው ገጠሙ። ጋሼ ተድላ መቀመጫው ላይ ወጥተው ቁልፉን ከፈቱና ረገጡ። ቀጭ አለ። ሞተሪኖው ጎተተ፤ ሞተሩ ተነሳ። አቶ ሚልክያስ «ክብር ለጌታ!» ብለው ሲያጨበጭቡ ጋሼ ደንግጠው እግራቸውን አነሱ። ሞተሩ ጸጥ አለ።

«ጠፋ! እንደገና ሞተ!»

«አልሞተችም ጋሼ፤ ጠባይዋ ነው። እግር ሲነሳ ታርፋለች፣ ሲረገጥ ትነሳለች። ከባጃጅ ይልቅ ቤንዚን የምትቆጥበው በዚህ ነው።»

ጋሼ ረገጡ፣ አነሱ፣ ረገጡ፣ አነሱ። አምስተኛው ላይ ብሩክታይት «ባትሪው ያልቃል» ብላ ከመቀመጫው አስወረደቻቸው። አቶ ሚልክያስ ወረቀቱን ከኪሳቸው አውጥተው ቀደዱትና ቁልፉን እጇ ላይ አኖሩ። «ጽዳቱን ሌላ ሰው ይይዛል» አሉ። «ደብዳቤሽ ከሰዓት በኋላ ይደርሳል። የሰውየውን ዶሮ ግን ተዪለት።»

እማማ አባይነሽ እንቅስቃሴያቸውን ጨርሰው ሲወጡ መኪናዋ አዳራሹ ደጃፍ ላይ ትጠብቃቸው ነበር። ከፊት ከብሩክታይት ጎን አስቀመጧቸው፤ ጋሼ ተድላ ከኋላ ተቀመጡ። ቁልቁል ሲወርዱ እማማ የመኪናዋን ብረት በሁለት እጃቸው ይዘው እንደ ልጅ ሳቁ። «ሐሙስ እመጣለሁ» አሉ። «የጓሮዬን ቦይና እንደ ድንች ቀቅዬ አመጣለሁ።»

በሩ ጋ አራት ታማሚዎች ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ጋሼ ተድላ ሳይጠየቁ ከመቀመጫቸው ወረዱና ክራንች የያዙትን ሽማግሌ ደግፈው አስገቡ። ከዚያም በሩ መሃል ቆመው፣ ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ሲያይ ጊዜ፣ መናገር ጀመሩ።

«ስሙ! ሰው ዝም ብሎ ሞተር አያወርድም። መጀመሪያ ይዞራል ወይስ አይዞርም ብሎ ይጠይቃል። ቀላሉን ሳያይ ከባዱን አይነካም። እንዲህ ያደረገ ሰው ዕቃ ከአዲስ አበባ ሲጠብቅ ወር አይቀመጥም፤ ደህናውን ብሎን አያበላሽም፤ ሕመምተኛም ቤቱ አይቀርም። ይቺ መኪና በአንዲት ሳንቲም በምታክል መዳብ ነው ዘጠኝ ቀን የቆመችው። መጽሐፏንም ማንበብ ነው! ያልተማረ ያስነብብ። ያበላሸም ሰው አበላሸሁ ብሎ ይናገር፤ ያኔ ግማሹ ጥገና አለቀ ማለት ነው። እጁ የሠራለት ሁሉ ደግሞ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ መሣሪያ ይያዝ!»

ክራንች የያዙት ሽማግሌ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እውነት ነው፣ የሠላሳ ዓመት ዕውቀት።»

ብሩክታይት መሪውን ይዛ አንገቷን አወጣች። «ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ ማን ነገረዎት?»

ጋሼ ተድላ ቆባቸውን አውልቀው ራሳቸውን አከኩ። የተቀመጡትን አዩ፣ ዳገቱን አዩ። ደንበኞቻቸው ከነዚህ ሰዎች መሃል ይገኛሉ፤ ወሬ ደግሞ መናኸሪያ ለመድረስ ባጃጅ አይጠብቅም።

«አንቺ ነሽ» አሉ።

«አልሰማሁም። ሞተሩ ይጮሃል።»

«ሞተሩ ጠፍቷል እኮ! እግርሽን አንስተሽ!»

«ቢሆንም።»

«እሷ ናት!» አሉ ጋሼ ተድላ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ለሁሉም። «እሷ ናት የነገረችኝ! እኔ አላውቅም ነበር!»

እማማ አባይነሽ የመኪናዋን ብረት ይዘው ወርደው በራሳቸው እግር ቆሙ። «እኔ መጀመሪያውኑ ሰምቻለሁ» አሉ። «ግን አንድ ጊዜ ይድገመው። ያምርበታል።»